የሴቶች የፊት ፀጉር፦ ከምላጩና ከቅባቱ በፊት

ባሕር ዳር፦ የሴቶችን የፊት ፀጉር «ከነሥሩ እናጠፋለን» የሚለው ማስታወቂያ ከትልልቅ ከተሞች አልፎ ወደ ወረዳ ከተሞች እየዘለቀ ነው። በውበት ሳሎን በር ላይ ይለጠፋል፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ ይዘዋወራል፤ ቅባቱም በገበያ ቀን ከሳሙና ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ ተሰልፎ ይሸጣል። ገዥዋ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ትመጣለች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች፤ የተሰጣትንም ምንነቱን ሳትጠይቅ ይዛ ትሄዳለች። ጉዳዩ የሚያሳፍር ተደርጎ ስለሚታይ ሻጩን «ይህ ምንድን ነው?» ብላ የምትሞግት፣ ጉዳት ቢደርስባትም ተመልሳ የምትከስ ሴት እምብዛም አትገኝም።

ነገሩ የመዋቢያ ወሬ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዜና ትንታኔ ባልበቃ ነበር። ይሁን እንጂ ከአገጭና ከላይኛው ከንፈር ላይ ከሚበቅለው ፀጉር ጀርባ ሁለት ትልልቅ ጉዳዮች አሉ። አንደኛው፣ ፀጉሩ አልፎ አልፎ የሌላ ሕመም ምልክት መሆኑ ነው፤ ምልክቱ በየሳምንቱ በምላጭ ሲጠረግ ሕመሙ ሳይታወቅ ዓመታት ያልፋሉ። ሁለተኛው፣ ፊትን ለማሳመር ተብሎ የሚገዛው ቅባት ራሱ ፀጉር የሚያበቅልና ቆዳ የሚያሳሳ ሊሆን መቻሉ ነው። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በዚህ ጉዳይ ላይ ደግሞ የሚደበቀው በሽታው ብቻ አይደለም፤ መድኃኒት ተብሎ የተገዛውም ነገር አብሮ ይደበቃል።

ፀጉሩ ከየት ይመጣል?

ማንኛዋም ሴት ፊቷ ላይ ፀጉር አላት። አብዛኛው ቀጭን፣ አጭርና ቀለሙ የደበዘዘ ስለሆነ ከቅርብ ካልታየ አይለይም። የወንድ ሆርሞን ተብሎ የሚጠራው ንጥረ ነገር በወንዶች ብቻ የሚገኝ ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን በሴቶችም ሰውነት ውስጥ በጥቂቱ ይመረታል። መጠኑ ከፍ ሲል፣ ወይም መጠኑ ሳይጨምር የፀጉሩ ሥር ለሆርሞኑ ያለው ስሜት ሲበረታ፣ ያ ቀጭን ፀጉር ወፍራም፣ ጥቁርና ረዥም ወደ መሆን ይለወጣል። ለውጡ በአገጭ፣ በላይኛው ከንፈር፣ በጉንጭ ዳር፣ በደረትና ከእምብርት በታች ጎልቶ ይታያል።

ይህ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። እናትና አክስቶች እንዲሁ ከሆኑ፣ የወር አበባም ጊዜውን ጠብቆ የሚመጣ ከሆነ፣ ነገሩ የዘር ብቻ ሊሆን ይችላል። የወር አበባ በሚቋረጥበት ዕድሜም አገጭ ላይ ጥቂት ወፋፍራም ፀጉሮች ብቅ ማለታቸው የተለመደ ነው፤ በዚያ ዕድሜ የሴት ሆርሞን ስለሚቀንስ የወንዱ ሆርሞን ኃይል ከፍ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለው ፀጉር ጤናን አይጎዳም። ማንሣትም መተውም የባለቤቷ ምርጫ ነው፤ የባል፣ የአማት ወይም የጎረቤት ውሳኔ አይደለም።

ምልክት የሚሆንበት ጊዜ

ከመጠን ያለፈ የፊት ፀጉር ከሚታይባቸው ሴቶች በአብዛኞቹ ምክንያቱ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ በአጭሩ ፒሲኦኤስ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ 100 ሴቶች መካከል እስከ 13 የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገምታል። ከእነዚህም እስከ 70 በመቶ የሚደርሱት ችግሩ እንዳለባቸው ሳይታወቅ ይኖራሉ። ችግሩ ባለባት ሴት ዘንድ እንቁላል በየወሩ በጊዜው ላይለቀቅ ይችላል። በዚህም የወር አበባ ይዘገያል፤ አንዳንዴም ለወራት ይጠፋል። ብጉር ይበዛል፣ የፊት ፀጉር ይወፍራል፣ የራስ ፀጉር ይሳሳል፤ ክብደት የሚጨምርባቸውም አሉ። ቀጭን ሴትም ግን ከችግሩ ነፃ ናት ማለት አይደለም።

የዚህ መዘዝ እስከ ትዳር ይዘልቃል። ፒሲኦኤስ ለመፀነስ መቸገርን ከሚያስከትሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ውሎ አድሮም ለስኳር በሽታ ያጋልጣል። በገጠሩ ማኅበረሰባችን ልጅ ሳይወለድ ሲቀር ጣት የሚቀሰረው በሴቲቱ ላይ መሆኑ የታወቀ ነው። ወደ ጠበል፣ ወደ አዋቂ ቤት፣ አልፎም ወደ ፍቺ ከማምራት በፊት «የወር አበባሽ እንዴት ነው?» ተብላ የምትጠየቅበት አንድ የጤና ጣቢያ ምርመራ ብዙ ሊያተርፍ ይችላል። ፒሲኦኤስ ያለባቸው ብዙ ሴቶች በሕክምና እገዛ ፀንሰው ይወልዳሉና።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ የምትወጋ ሴት የወር አበባዋ መዛባቱ ወይም መቅረቱ የመርፌው ባሕርይ ስለሆነ ብቻውን የፒሲኦኤስ ምልክት ተደርጎ አይወሰድም። የምትወስደውን መከላከያ ለባለሙያው መንገር የሚኖርባት ለዚህ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነውን ፌኒቶይን የሚወስዱ ሰዎችም የፊትና የሰውነት ፀጉር ሊበዛባቸው ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም፤ ጉዳዩን ላዘዘለት ሐኪም ማስረዳት እንጂ።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶችም አሉ። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ በድንገት ከበዛ፣ ድምፅ ከጎረነነ፣ የራስ ፀጉር እንደ ወንድ ራሰ በራ ከሸሸ፣ ወይም ፊት በድንገት ክብ ሆኖ ካበጠና የሆድ ቆዳ በቀይ ሸንተረር ከተሰነጣጠቀ፣ ነገሩ የእንቁላል ማምረቻ ወይም ከኩላሊት በላይ የሚገኘው ዕጢ ችግር፣ አልፎ አልፎም የእባጭ ምልክት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ለውጥ በምላጭ የሚታለፍ ሳይሆን በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ፀጉር የሚያበቅለው ቅባት

ብዙ ሴቶች ማዲያትን ለማጥፋት፣ ብጉርን ለማድረቅ ወይም ፊትን ለማቅላት ብለው ከሱቅ የሚገዙት ቅባት አለ። በሁለትና በሦስት ሳምንት ፊትን ያጠራል፤ ዝናውም ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይዛመታል። ከእነዚህ ቅባቶች ውስጥ በርካቶቹ ክሎቤታዞል ወይም ቤታሜታዞን የተባሉ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒቶችን የያዙ ናቸው። ስቴሮይድ በራሱ ክፉ መድኃኒት አይደለም። ለተወሰኑ የቆዳ ሕመሞች፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ በሐኪም ትእዛዝ ሲቀባ ይፈውሳል። በየቀኑ ለወራት ፊት ላይ ሲቀባ ግን ቆዳን ያሳሳል፤ የደም ሥሮችን ያጎላል፤ ብጉር ያፈላል፤ ከዚህም በላይ ፊት ላይ ፀጉር ያበቅላል።

ከዚህ በኋላ ያለው አዙሪት አሳዛኝ ነው። ማዲያት ለማጥፋት ቅባት የገዛች ሴት ከወራት በኋላ ጉንጯ ላይ ፀጉር ታያለች። ፀጉሩን በምላጭ ወይም በማርገፊያ ክሬም ታነሣለች። የሳሳው ቆዳ ይቆጣል፣ ይቆስላል፣ ሲድንም ይጠቁራል። የጠቆረውን ለማቅላት ወደዚያው ቅባት ትመለሳለች። ቅባቱን ልተው ስትልም ፊቷ ይቀላል፣ ይቃጠላል፣ ያሳክካል፤ ስለዚህ «ያለ እሱ አይሆንልኝም» ብላ ትቀጥላለች። ሻጩ ደንበኛ አገኘ፤ እሷ ግን ገንዘቧንም ቆዳዋንም አጣች።

ከዚህ አዙሪት መውጣት ይቻላል። ቅባቱን ለረዥም ጊዜ የተጠቀመች ሴት ቱቦውን ወይም ብልቃጡን ይዛ ወደ ጤና ባለሙያ ብትሄድ፣ የመድኃኒቱ ስም ታውቆ እንዴት እንደምታቋርጠው ይነገራታል። በቅባቱ ምክንያት የበቀለው ፀጉርም ቅባቱ ከቆመ በኋላ ብዙ ጊዜ በወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ስሙ ያልተጻፈበት፣ በሌላ ዕቃ ተገልብጦ የሚሸጥ ወይም «ቅልቅል» የሚባል ቅባት ግን ከነጭራሹ ባይገዛ ይሻላል። አርሶ አደሩ መለያ ጽሑፍ የሌለው የፀረ ተባይ ጠርሙስ እርሻው ላይ አይረጭም፤ ፊት ከማሳ አያንስም።

ምላጭ፣ ወረንጦ፣ ክርና ሰም

ሕመም አለመኖሩ ከታወቀ በኋላ የፊት ፀጉርን ለማንሣት ብዙ መንገድ አለ። ሁሉም የየራሱ ጥቅምና ጣጣ አለው።

ምላጭ ርካሽና ፈጣን ነው። «የተላጨ ፀጉር ወፍሮና በዝቶ ይወጣል» የሚለው እምነት በከተማም በገጠርም ሥር የሰደደ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። ይህ እ.ኤ.አ. በ1928 ሚልድረድ ትሮተር በተባሉ አሜሪካዊት የሥነ አካል ተመራማሪ ተፈትሾ መላጨት የፀጉርን ውፍረትም ሆነ የዕድገት ፍጥነት እንደማይጨምር ታይቷል። ሳይቆረጥ ያደገ ፀጉር ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል፤ በምላጭ የተቆረጠው ግን ጫፉ ደንዳና ስለሚሆን ሲነካ ይሻክራል፣ ሲታይም የወፈረ ይመስላል። እንደ ታጨደ ሣር መሆኑ ነው፤ ሥሩ አልተነካም፣ አልተባዛምም። የምላጭ ዋናው አደጋ ሌላ ነው። አንዱን ምላጭ ለሁለት ሰው መጠቀም ኤች አይ ቪንና የጉበት በሽታ የሚያስከትለውን ሄፓታይተስ ቢ ሊያስተላልፍ ይችላል። እህትማማቾችም ቢሆኑ ምላጭ መዋዋስ የለባቸውም።

ወረንጦና ክር ፀጉሩን ከነሥሩ ይነቅላሉ፤ ስለዚህ ለሳምንታት ይቆያሉ። ከዓረብ አገራት የተመለሱ እህቶች «ሐላዋ» ብለው የሚያውቁት፣ ከስኳር፣ ከሎሚና ከውኃ ተፍልቶ የሚሠራው ማጣበቂያም ሆነ ሳሎን ውስጥ የሚቀባው ሰም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ጣጣቸው ፀጉራችን ጥቅል በመሆኑ ይበረታል። ተነቅሎ እንደገና የሚበቅል ጥቅል ፀጉር ቆዳውን ሰንጥቆ ከመውጣት ይልቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ያድርና እንደ ብጉር ያብጣል፤ ሲነካካም ጥቁር ነጥብ ወይም ጠባሳ ትቶ ያልፋል። ቁስላቸው ሲድን ከቆዳ በላይ አብጦ የሚቀር ጠባሳ የሚያበጅባቸው ሴቶች የበለጠ መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል። ሰም በጣም ሞቆ ከተቀባ ፊት ያቃጥላል፤ የብጉር ሕክምና መድኃኒት የምትወስድ ወይም የምትቀባ ሴት ፊቷ ላይ ሰም ብታስቀባ ቆዳዋ አብሮ ሊላጥ ይችላል።

ፀጉር ማርገፊያ ክሬም ፀጉሩን በኬሚካል አሟሙቶ ከቆዳው ወለል ላይ ያረግፈዋል። ለእግር የተሠራው ለፊት አይሆንም። ለፊት የተባለውንም በመጀመሪያ በክንድ ውስጠኛ ክፍል በጥቂቱ ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ፣ ከዚያም መመሪያው ላይ ከተጻፈው ደቂቃ አለማሳለፍ ያስፈልጋል። የቆሰለ፣ ብጉር የበዛበት ወይም በስቴሮይድ የሳሳ ፊት ላይ ግን ከነጭራሹ መቀባት የለበትም።

መርፌና ብርሃን

«ከነሥሩ ማጥፋት» የሚለው ተስፋ ከየት እንደመጣ ለመረዳት የክልላችን ሰው በሚገባ የሚያውቀውን አንድ ሕመም ማንሣት ይጠቅማል። አማራ ክልል በትራኮማ ክፉኛ ከተጎዱ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ ሕመም የዓይን ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ እየታጠፈ የዓይን ብሌንን ይቧጫል። እናቶች ታዲያ ሽፋሽፍቱን በወረንጦ ይነቅሉታል፤ ከሳምንታት በኋላ ግን ተመልሶ ይበቅላል። እ.ኤ.አ. በ1875 በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ከተማ የዓይን ሐኪም የነበሩት ቻርልስ ሚሼል ወደ ውስጥ የበቀለ ሽፋሽፍትን ሥር በቀጭን መርፌ በሚሄድ ኤሌክትሪክ ማቃጠል እንደሚቻል አሳዩ። ዛሬ ኤሌክትሮሊሲስ የሚባለው ፀጉርን ለዘለቄታው የማስወገጃ መንገድ ከዚያ የተወለደ ነው። እያንዳንዱን ፀጉር አንድ በአንድ ስለሚነካ ረዥም ጊዜ፣ ትዕግሥትና የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ነጭ ፀጉርን ጭምር ማጥፋት መቻሉ ደግሞ ከሌሎቹ ይለየዋል። ዓይኑን ሽፋሽፍት የሚቧጭረው ሰው ግን መፍትሔው የውበት ማዕከል ሳይሆን በጤና ተቋም የሚሰጠው ቀላል ቀዶ ሕክምና መሆኑን መዘንጋት አያስፈልግም።

ሌዘር የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የብርሃኑ ኃይል በፀጉሩ ጥቁር ቀለም ተውጦ ወደ ሙቀት ይለወጥና ሥሩን ይጎዳል። አርሶ አደሩ በስንዴው ውስጥ የበቀለውን ሰፊ ቅጠል ያለው አረም ለይቶ የሚያጠፋውን ቱ ፎር ዲ ያውቃል፤ መድኃኒቱ የሚጠቅመው አረሙና ሰብሉ ስለሚለያዩ ነው። ሌዘርም እንደዚሁ ፀጉሩን ከቆዳው የሚለየው በቀለሙ ጥቁረት ነው። ችግሩ የእኛ ቆዳም ያንኑ ቀለም የያዘ መሆኑ ነው። ለነጭ ቆዳ የተስተካከለ መሣሪያ በጠቆረ ቆዳ ላይ ሲተኮስ ቆዳው ራሱ ብርሃኑን ይውጥና ይቃጠላል፤ ሲድንም ጥቁር ወይም ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ለጠቆረ ቆዳ የተሻለ ደኅንነት ያለው ኤንዲ ያግ የሚባለው፣ የብርሃን ሞገዱ 1064 ናኖሜትር የሆነው ሌዘር ነው፤ ይህ ሞገድ የላይኛውን ቆዳ አልፎ ጠለቅ ብሎ ይገባል። በእጅ ተይዘው ቤት ውስጥ የሚሠሩ፣ በማኅበራዊ ትስስር ገጽ የሚሸጡ የብርሃን መሣሪያዎች ብዙዎቹ በጣም ጥቁር ለሆነ ቆዳ እንደማይሆኑ በራሳቸው መመሪያ ላይ ተጽፏል።

በአንድ ቀን የሚያልቅ የሌዘር ሕክምናም የለም። ሁሉም ፀጉር በአንድ ጊዜ አያድግም፤ አንዱ ሲያድግ ሌላው ያርፋል፣ ሌዘርም የሚያገኘው በማደግ ላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ በሳምንታት ልዩነት ደጋግሞ መመላለስ ያስፈልጋል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሌዘር መሣሪያዎች የፈቀደው አባባል «የፀጉር ዘላቂ ቅነሳ» የሚል እንጂ «ፈጽሞ ማጥፋት» የሚል አይደለም። ሆርሞኗ የተዛባ ሴት ደግሞ ሆርሞኑ እስካልተስተካከለ ድረስ አዲስ ፀጉር ማብቀሏን ትቀጥላለች። በሬ ሽጣ ወይም ዕቁቧን አውጥታ ለሌዘር የከፈለች ሴት ይህ አስቀድሞ ካልተነገራት፣ የተሸጠላት ግማሽ እውነት ነው።

ከገንዲ ዘመድ የመጣው ክሬም

የዚህን ገበያ ባሕርይ አንድ እውነተኛ ታሪክ ከሁሉም በላይ ያሳያል። የዓባይ ሸለቆ አርሶ አደር ገንዲ ከብቱን እንዴት እንደሚያከሳና እንደሚገድል ያውቃል። የገንዲ አምጪ ተሕዋሲ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሌላ ተሕዋሲ በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታን ያመጣል። በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ ለሚታየው የእንቅልፍ በሽታ ኤፍሎርኒቲን የተባለ መርፌ እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ ጸደቀ። ታማሚዎቹ ድኻ የገጠር ሰዎች ስለነበሩ መድኃኒቱ ትርፍ አላመጣም፤ በዚያው ዐሥር ዓመት አጋማሽም ምርቱ ቆመ።

በኋላ ይኸው ንጥረ ነገር የፀጉርን ዕድገት እንደሚያዘገይ ታወቀ። እ.ኤ.አ. በ2000 የሴቶችን የፊት ፀጉር የሚያዘገይ ክሬም ሆኖ በአሜሪካ ጸደቀ። የእንቅልፍ በሽታ ሐኪሞችና ተሟጋቾች «ለፊት ፀጉር የሚሆን መድኃኒት እንዴት ለሞት የሚዳርግ በሽታ ይታጣል?» ብለው ጮኹ። በ2001 አምራቹ ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር ተስማምቶ መርፌውን በነፃ ማቅረብ ጀመረ። ክሬሙ ራሱ ፀጉርን አያጠፋም፤ ዕድገቱን ያዘገያል እንጂ፤ መቀባቱ ከቆመም በሁለት ወር ገደማ ፀጉሩ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ታሪኩ የሚነግረን ገበያ የሚሄደው ገንዘብ ወዳለበት እንጂ ችግር ወዳለበት አለመሆኑን ነው። በከተሞቻችንም የምናየው ይህንኑ ነው። ፀጉሩን ለማንሣት ብዙ ሻጭ አለ፤ ፀጉሩ ለምን እንደበቀለ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሕክምናውና መንገዱ

ፒሲኦኤስም ሆነ ሌላ የሆርሞን ችግር ያለባት ሴት ሐኪም ሊያዝላት የሚችላቸው መድኃኒቶች አሉ። አንደኛው በየቀኑ የሚዋጠው ሁለት ዓይነት ሆርሞን የያዘ የወሊድ መከላከያ እንክብል ነው፤ የደም ግፊት ያለባት ሴት ሳትመረመር መጀመር የለባትም። የሦስት ወሩ መርፌ ግን ለዚህ ሕክምና የሚታዘዘው ዓይነት አይደለም። ስፓይሮኖላክቶን የሚባል ሌላ መድኃኒት የወንዱን ሆርሞን ሥራ ይገታል፤ ነገር ግን ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል እርግዝና በሚታሰብበት ጊዜ አይወሰድም። ከመጠን ያለፈ ክብደት ላላት ሴት ክብደት መቀነሱ ራሱ ሆርሞኑን ለማስተካከል ያግዛል። ከእነዚህ በአንዱም ቢሆን ለውጥ ለማየት ቢያንስ ስድስት ወር መታገሥ ያስፈልጋል፤ የፀጉር ዕድሜ ረዥም ነውና።

መንገዱ ከቅርብ ይጀምራል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ባለሙያዎችን እስከ ቀበሌ አድርሷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የፊት ፀጉርን ታክማለች ማለት አይደለም፤ የወር አበባ መዛባትን ከፊት ፀጉር ጋር አያይዛ ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ግን ትችላለች። ከዚያ ወደ ሆስፒታል የሚላኩ አሉ። በደቡብ ወሎ የሚገኘው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልና በአዲስ አበባ የሚገኘው አለርት ከሥጋ ደዌ ሕክምና ተነሥተው በቆዳ ሕክምና የታወቁ ተቋማት ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላትም አንድ ነገር መለየት ይኖርባቸዋል። ሌዘርን የመሰለ ለውበት ብቻ የሚደረግ ሕክምና በመድኑ የሚሸፈን አይደለም። የወር አበባ መዛባት፣ የመፀነስ ችግርና የስኳር ምርመራ ግን የጤና ጉዳዮች ናቸው፤ ሴቲቱ ጤና ጣቢያ ስትደርስ መናገር ያለባት ስለ ፀጉሩ ብቻ ሳይሆን ስለ እነዚህም ነው።

ማን ምን ያድርግ?

የመድኃኒትና የመዋቢያ ምርቶች ቁጥጥር ሥራ ያለባቸው የፌዴራልና የክልል ተቋማት ዓይናቸውን ከመድኃኒት ቤቶች አልፈው ወደ ሸቀጥ ሱቆችና ወደ ገበያ ቀን ድንኳኖች መመለስ ይኖርባቸዋል። ክሎቤታዞል ከቫዝሊን ጎን ተደርድሮ የሚሸጥበት ሁኔታ የማስተማር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሕግ የማስከበርም ጉዳይ ነው። መድኃኒት ቤቶችም ስቴሮይድን ያለ ማዘዣ ለፊት መሸጥ ማቆም ይጠበቅባቸዋል።

የሌዘር አገልግሎት የሚሰጡ ማዕከላት ላይ ደግሞ ደንበኛዋ ራሷ መጠየቅ ያለባት ነገር አለ። መሣሪያው ምን ዓይነት ነው? ለጥቁር ቆዳ ይሆናል? የሚሠራው ሰው ሙያው ምንድን ነው? በመጀመሪያ በትንሽ ቦታ ላይ ሙከራ ይደረጋል? የዓይን መከላከያ አለ? በጠቅላላው ስንት ጊዜ ተመላልሼ ስንት እከፍላለሁ? እነዚህን በግልጽ የማይመልስ ማዕከል ፊት የሚሰጠው አይደለም። በሳሎን በኩልም ምላጭ ለአንድ ሰው አንዴ ብቻ እንዲሆን፣ ወረንጦም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሳይነጻ እንዳይሻገር ደንበኛዋ የመጠየቅ መብት አላት።

ወንዶችም ከዚህ ጉዳይ ውጭ አይደሉም። በትምህርት ቤት ጓሮ «ጢማም» ተብላ የተሰደበች ልጅ ችግሯን ለእናቷ እንኳ ሳትነግር ወደ ሱቅ ትሄዳለች። ስድቡ ለተሳዳቢው የአንድ ቀን ሣቅ ነው፤ እሷን ግን ለዓመታት ቅባት ገዥ ሊያደርጋት ይችላል። አባት፣ ወንድምና ባል ነገሩን እንደ ማንኛውም የጤና ጉዳይ ቢያዩት፣ ለከብቱ ሕክምና የሚከፈለው የትራንስፖርት ገንዘብ ለልጅቱም ምርመራ ቢከፈል፣ ብዙ ፊት ከጠባሳ ይድናል።

የፊት ፀጉር ኃጢአትም ነውርም አይደለም። ላንሣው ያለች ታንሣው፤ ልተወው ያለችም ትተወው። ከሁለቱ አስቀድሞ ግን ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው፤ ፀጉሩ ለምን እንደመጣና ፊት ላይ የሚቀባው ነገር ምን እንደሆነ። የመጀመሪያውን ጤና ጣቢያ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛውን ለማወቅ ደግሞ ቅባቱን ከመክፈት በፊት ስሙን ማንበብ፣ ማንበብ ካልተቻለም ብልቃጡን ይዞ ለሚያነብ ባለሙያ ማሳየት ይበቃል።